በፀሐይ የሚከፈት በር

ሊቁ፦ አታሽከርክረው አልኩህ።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ አላሽከረከርኩትም። ራሱ ነው የዞረው።

ሊቁ፦ ወንበር ራሱ አይዞርም። ሰው ሲቀመጥበት ነው የሚዞረው።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ እኮ አልተቀመጥኩም፤ ጫፉ ላይ ነው አረፍ ያልኩት።

ሊቁ፦ ለዚህ ነዋ የዞረው። ወይ በደንብ ተቀመጥ፣ ወይ ቁም።

(ልብስ ሰፊው ይቆማል። ወንበሩ ባዶውን አንድ ዙር ይዞራል። ሁለቱም ያዩታል።)

ልብስ ሰፊው፦ አላልኩዎትም?

ይህ ሁሉ ክርክር የሚካሄደው ግድቡ አናት ላይ ባለችው የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ሰፊ መስኮት፣ አንድ ስልክ፣ የግድቡን በሮች የሚከፍቱና የሚዘጉ እጀታዎች ያሉበት ጠረጴዛ፣ እና ያ ጉደኛ ወንበር። ሊቁ የበሮቹ ተቆጣጣሪ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ነገር ግን ያልተጠየቀውን ሁሉ ስለሚያስረዳ ሰፈሩ ሊቁ አለው፣ እሱም ሳያንገራግር ተቀበለው። ልብስ ሰፊው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ነገር ቶሎ የማይገባው፣ አንዴ ከገባው ደግሞ የማይለቀው የዋህ ሰው።

በእጁ የምሳ ዕቃ ይዟል፣ ምሳው ግን ሰበብ ነው። የመጣው በመኪናዋ ጉዳይ ነው። ሊቁ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላት አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና አለችው፤ ከእሱ በቀር መሪዋን የሚነካ የለም። ሰሞኑን ታዲያ ሳይነዳት ቤንዚኗ እያለቀ አስቸገረው። ታፈሳለች ብሎ ደመደመ። የምትንጠባጠብበትን ቦታ ለመለየት ትናንት ወደ ማታ ወንዙ ዳር ወስዶ ነጩ ደረቅ አሸዋ ላይ አቆማት፤ ጠብታው አሸዋው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል ብሎ ነው። ጠዋት ሄዶ ሳያያት ከግድቡ በአስቸኳይ ተጠራ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ከደጁ አንስታ ወሰደችው። እንደደረሰ ሳይረኑን አስጮኸ፣ የግድቡን በር ከፈተ። የታችኛው ሰፈር ሰው ጀልባውንም፣ ያሰጣውን ልብስም፣ ፍየሉንም ከወንዙ ዳር ሰበሰበ። አሸዋው ላይ የቀረችው የሊቁ መኪና ብቻ ናት፤ ውሃውም ወደ ጎማዋ እየተጠጋ ነው።

እህቱ ልብስ ሰፊውን የላከችው ይህን እንዲነግረው ነው። ዝናብ በሚጠበቅበት ቀን ከቤት ስልክ እንዳይደወል ሊቁ ከልክሏል። ስለዚህ እንዲህ አለችው፤ ደም ግፊት እንዳለበት ታውቃለህ፣ ቀስ ብለህ ንገረው፣ ቁልፉን ተቀብለህ ሩጥና አውጣት፣ ከዘገየህ እኔ የማውቀውን አደርጋለሁ፤ ያኛውን ነገር ግን ትንፍሽ እንዳትል። ልብስ ሰፊው ከዚህ ሁሉ ትእዛዝ አጥብቆ የያዘው «ቀስ ብለህ» የምትለዋን ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ ደም ግፊትዎ እንዴት ነው?

ሊቁ፦ ደህና ነው። ምነው?

ልብስ ሰፊው፦ እንዲያው ነው። መድኃኒትዎን ወስደዋል?

ሊቁ፦ ወስጃለሁ። ምን ሆነሃል አንተ?

ልብስ ሰፊው፦ ምንም። (በመስኮቱ ቁልቁል እያየ) ውሃው በዛ አይደል?

ሊቁ፦ (ፊቱ ይበራል) አሃ፣ አሁን ገባኝ። የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው የላኩህ። «በዚህ ፀሐይ ውሃ የሚለቅብን ምን ነክቶት ነው» አሉ አይደል?

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ እኔን የላከችኝ...

ሊቁ፦ ተቀመጥ፣ ላስረዳህ።

ልብስ ሰፊው፦ ወንበሩ ላይ?

ሊቁ፦ ቁም፣ ላስረዳህ። ሰማዩን እየው። ምን ይታይሃል?

ልብስ ሰፊው፦ ፀሐይ።

ሊቁ፦ ፀሐዩ እዚህ ነው። ላይ፣ ወንዙ ከሚነሳበት ተራራ ላይ፣ ዛሬ ከባድ ዝናብ ይጥላል ተብሏል። ያ ሁሉ ውሃ ወዴት ነው የሚመጣው?

ልብስ ሰፊው፦ ወደዚህ።

ሊቁ፦ ግድቡስ ሊሞላ ምን ያህል ቀረው?

ልብስ ሰፊው፦ እኔ ምንም አልነካሁም።

(ሊቁ በረጅሙ ይተነፍሳል። ብርጭቆ እስከ አፉ ድረስ ሻይ ይሞላና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ቴርሞሱን ለልብስ ሰፊው ይሰጠዋል።)

ሊቁ፦ ይኼ ግድቡ ነው። አንተ ዝናብ ነህ። ቅዳ።

ልብስ ሰፊው፦ ሞልቷል እኮ።

ሊቁ፦ ዝናብ ሞልቷል ብሎ አይቆምም። ቅዳ።

ልብስ ሰፊው፦ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል።

ሊቁ፦ ጠረጴዛው የታችኛው ሰፈር ነው።

ልብስ ሰፊው፦ (ደንግጦ) የእኔ ሱቅ የት ጋ ነው?

ሊቁ፦ እዚያ፣ ስልኩ አጠገብ።

(ልብስ ሰፊው ስልኩን ያያል፣ ብርጭቆውን ያያል። ከዚያ ብርጭቆውን አንስቶ ግማሹን ይጠጣና ተረጋግቶ ይቀዳል። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።)

ሊቁ፦ ምን አደረግህ?

ልብስ ሰፊው፦ ቦታ አበጀሁለት።

ሊቁ፦ (ቅር ብሎት) እኔም ልነግርህ የነበረው ይኼንኑ ነው።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው አንድ ጥፋት አጠፋ፤ ነገሩ ጣመው። መኪናዋም፣ እህቱም፣ ቁልፉም ከጭንቅላቱ ብን ብለው ጠፉ። ለምን ግንቡን ከፍ አታደርጉትም ብሎ ጠየቀ። ሊቁ ስንት ግንብ ብትከምር የሞላ ነገር የሞላ ነው አለው። ታዲያ ለምን ሁሉንም ጠርጋችሁ አትለቁትም አለ። ሁሉንም ለቅቄ ዝናቡ ባይመጣ በበጋ ምን ልታጠጣ ነው፣ አንዴ ዘርግፌ ብለቀው ደግሞ ጎርፉ ራሴ ሆንኩ ማለት ነው ሲል መለሰለት። ወንዙ ከአፋፉ ሳይወጣ መሸከም የሚችለውን ያህል ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ነው የሚለቀቀው። ልብስ ሰፊው ሱቁ ውስጥ ወገብ እንደሚለካ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

ልብስ ሰፊው፦ ስለዚህ ዝናቡ ሲደርስ በሩን የበለጠ ይከፍቱታል።

ሊቁ፦ ተሳሳትክ። ዝናቡ ሲደርስ እዘጋዋለሁ። ጎርፉን ባበጀሁለት ቦታ ይዤ አስቀረዋለሁ፤ ሲያልፍ ቀስ ብዬ እለቀዋለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ በፀሐይ ከፍተው በዝናብ ይዘጋሉ?

ሊቁ፦ እንዲያ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ እኛ ጃንጥላ የምንከፍተው ሲዘንብ ነው።

ሊቁ፦ ግድብ ጃንጥላ አይደለም።

ልብስ ሰፊው፦ አሁን ገና ገባኝ። (ደስ ብሎት ወደ መስኮቱ ዞር ሲል ውሃውን ያያል። ፊቱ ይለወጣል።) ውይ።

ሊቁ፦ ምን «ውይ» አለ?

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ አንድ ሰው ወንዙ ዳር ዕቃ ረስቶ ነበር እንበል።

ሊቁ፦ ሳይረን ጮኋል። አይረሳም።

ልብስ ሰፊው፦ ሳይረኑ ሲጮህ ሰውየው ሩቅ ነበረ እንበል።

ሊቁ፦ ሳይረኑ ሩቅ ይሰማል።

ልብስ ሰፊው፦ እሺ፣ አጠገቡ ነበረ እንበል። በጣም አጠገቡ።

ሊቁ፦ አጠገቡ ሆኖ ካልሰማማ ሰው አይደለም፣ ግንድ ነው። ዕቃው ምንድን ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ጎማ ያለው ነገር ነው።

ሊቁ፦ ጋሪ?

ልብስ ሰፊው፦ ከጋሪ ከፍ ይላል።

ሊቁ፦ መኪና? አሸዋ ላይ መኪና? (ከት ብሎ ይስቃል) የማን ቂል ነው እባክህ?

ልብስ ሰፊው፦ ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። ትንሽ ማስረዳት ያበዛል እንጂ። በሩን ለአንድ አፍታ ዘጋ አያደርጉለትም?

ሊቁ፦ ስማኝ። አሁን በዘጋሁ ቁጥር ያበጀሁት ቦታ መልሶ ይሞላል። ቦታ ካጣሁ ዝናቡ ሲመጣ የታች ሰፈር ቤት በሙሉ ያንተን ሱቅ ጨምሮ ይሄዳል። ለአንድ ግንድ ብዬ? የገዛ ወንድሜ ቢሆን አልዘጋም።

ልብስ ሰፊው፦ የገዛ ራስዎ ቢሆኑስ?

(ሊቁ መሳቁን ያቆማል። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ይገባና የመኪና ቁልፍ ይዞ ይወጣል። ቁልፉን ያየዋል።)

ሊቁ፦ አሸዋው።

ልብስ ሰፊው፦ አሸዋው ጋሼ። ይቀመጡ። ወንበሩን ልያዝልዎት?

ሊቁ፦ ከመጣህ ጀምሮ ታውቅ ነበር?

ልብስ ሰፊው፦ ቀስ ብለህ ንገረው ተብዬ ነው።

(ስልኩ ይጮኻል። ሊቁ ያነሳል፣ ያዳምጣል፣ «እሺ» ብሎ ይዘጋል።)

ሊቁ፦ ላይ ዝናቡ ጀምሯል። ጎርፉ እዚህ እስኪደርስ መልቀቅ አለብኝ።

እጁን እጀታው ላይ አኖረ። ልብስ ሰፊው ይህን ሰው ሲያስረዳ እንጂ ሲጨነቅ አይቶት አያውቅም፣ አንጀቱን በላው።

ሊቁ፦ አንተ ሮጠህ እስክትደርስ ብቻ። ማንም አያውቅም።

ልብስ ሰፊው፦ ቦታው ይቀንሳላ።

ሊቁ፦ ትንሽ ነው የሚቀንሰው።

ልብስ ሰፊው፦ ትንሿ የማን ቤት ናት?

ሊቁ፦ ይኼን ማን አስተማረህ?

ልብስ ሰፊው፦ እርስዎ ነዎት።

(ሊቁ እጀታውን ጨብጦ ይቆያል። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቅቃል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።)

ሊቁ፦ በል እንካ ቁልፉን። ከደረስክ ደረስክ። ካልደረስክ... መስኮቷን ዝጋልኝ።

ልብስ ሰፊው ቁልፉን ተቀበለ። ቅድም የማን ቂል ነው ብሎ የሳቀው ሰውዬ አሁን በዓይኑ ትልቅ ሰው ሆኖ ታየው፣ ሊነግረውም ፈለገ፣ ግን ጊዜ አልነበረም። በሩ ጋ ሲደርስ ከውጭ ክላክስ ተሰማ።

ሊቁ፦ ይኼ የእኔ ክላክስ ነው።

(ሁለቱም ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ሰማያዊዋ መኪና እስከ በሯ እጀታ ድረስ ርሳ፣ ጎማዋ አሸዋ ለብሶ ዳገቱን ትወጣለች። ኩርባውን ታጥፋ ትቆምና በኋላ ማርሽ ገብታ በመሥሪያ ቤቱ መኪናና በግንቡ መሀል ልክክ ብላ ትቆማለች።)

ሊቁ፦ እዚያ መሀል እኔ እንኳ አስገብቻት አላውቅም። ማነው እሱ?

ልብስ ሰፊው፦ እትዬ ናት።

ሊቁ፦ እሷ መንዳት አትችልም።

ልብስ ሰፊው፦ ይኼኛውን ቀስ ብለህ ንገረው አልተባልኩም። ጭራሽ እንዳትነግረው ነው የተባልኩት።

ሊቁ፦ ቁልፉ እኮ አንተ እጅ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ አንደኛው።

ሊቁ፦ (ቀስ ብሎ) ማን አስተማራት?

ልብስ ሰፊው፦ እርስዎ ሥራ ሲገቡ እኔ። የመኪናዋ ወንበር ስለማይዞር አላስቸገረንም።

ሊቁ፦ ስለዚህ ቤንዚኑ...

(የግድቡን ውሃ በጣት ከፍታ ለይቶ የሚያውቀው ሰው አፉን ከፍቶ ይቀራል።)

ሊቁ፦ በሆዴ ተኝቼ ከሥሯ ስመለከት የከረምኩት። መካኒኩ «አታፈስም» ቢለኝ ደንቆሮ ብዬ የሰደብኩት። አሸዋ ላይ ወስጄ ያቆምኳት።

ልብስ ሰፊው፦ እውነትዎን ነው ጋሼ፣ አላፈሰሰችም። እትዬ ናት በፀሐይ ቀን፣ በልኩ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገች የለቀቀችው።

ሊቁ፦ ትምጣ። ዛሬ ቁጭ አድርጌ ነው የማስረዳት።

(ከውጭ የብረት ደረጃው በፈጣን እርምጃ ይንቀጠቀጣል። ሰፈሩን ሁሉ በሳይረን አስነስቶ የራሱን መኪና ወንዝ ውስጥ የተዋት ሰውዬ የት እንዳለ የሚጠይቅ የሴት ድምፅ ይቀርባል። ሊቁ ለመናገር አፉን ይከፍታል።)

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ ዝናቡ ደረሰ። አሁን መዝጋት ነው።

(ሊቁ አፉን ይዘጋል።)