ስማቸው በጥናት ላይ ያለው ደጃዝማች መለከት

ባለውለታውን የማያውቅ ከተማ እያየሁ ዝም ብል ኃጢአቱ ለእኔ ነው። ስለዚህ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምትገኘው ከተማችን ስላፈራቻቸው ታላቅ ሰው፣ ስለ መምህር አብተው፣ እውነቱን ብቻ ልመሰክር ተነሥቻለሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ጽሕፈት ቤቶቿ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ማኅተም አላቸው።

መምህር አብተው ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ ሐራጅ። ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ «ያገለገሉ ንብረቶች በሐራጅ ይሸጣሉ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ፣ ሙጫው ሳይደርቅ ይደርሳሉ። ሌላው ሰው በቆርቆሮና በጎማ ሲሻማ እሳቸው ጥግ ጥጉን ነው የሚቃኙት። ባለ እጀታ ስልክ፣ ሁለት ፊደል የወለቀለት የጽሕፈት መኪና፣ ስድስት ሰዓት ላይ የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ የፈረሰ መሥሪያ ቤት ማኅተም። አንድ ጊዜ ቡሬ ላይ ለአንድ የተሰበረ ኮርቻ ብቻቸውን ቀረቡ። ሐራጅ ባዩ «አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» ሲል ግን ደንግጠው በራሳቸው ዋጋ ላይ ጨመሩ።

«መምህር፣ ሌላ ተጫራች እኮ የለም» ቢላቸው፣

«ታሪክን በርካሽ መውሰድ ነውር ነው» አሉት። እንዲህ ያለ ሰው አገራችን ስንት አላት? ከአንድ በላይ እንደማይኖራት ተስፋ አደርጋለሁ።

የገዙትን ሁሉ ከጓዳቸው አጠገብ ባለችው ክፍል ደርድረው በካርቶን ላይ መግለጫ ይጽፉለታል። ኮርቻው «ስማቸው ገና በጥናት ላይ ያለ ደጃዝማች የተቀመጡበት» ነው። ፋኖሱ «እኚሁ ደጃዝማች ያነበቡበት»። ጥናቱን የሚያጠናው ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ኮሚቴ ይቋቋማል» አሉኝ።

የሁሉ ቁንጮ ግን መለከቱ ነው። የቡሬው ሐራጅ ዝርዝር «መለከት፣ ጥንታዊ፣ ብዛት አንድ» ይለዋል፤ የመምህር ካርቶን ደግሞ «ደጃዝማቹ ጦር ያስከተቱበት» ይላል። ዕቃው በእርግጥ የአንድ የፈረሰ እድር ጥሩምባ ነበር፤ ሰው ሲሞት እየተነፋ እድርተኛው ለለቅሶ የሚጠራበት። ያየው ሰው ቢኖር ወዲያው ይነግራቸው ነበር። ያየው ሰው አልነበረም። እሳቸውም «ታሪክ ይቀመጣል እንጂ አይነፋም» ብለው ነፍተውት አያውቁም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ ይህን ሁሉ አሥራ ሁለት ዓመት ታገሡ። ዘንድሮ ግን ቡሬ የተዳረችው ልጃቸው እስከዳር ነፍሰ ጡር ሆነች፣ ወሯም ገባ። የበኩር ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው።

«ልጄን የት ላስተኛት? ኮርቻው ላይ?»

«የሻሽ፣ ይህ እኮ ሙዚየም ነው።»

«ሙዚየም ሰው ያየዋል። ይህን ከአይጥ በቀር ማን አየው?»

«አንድ ዕድል ብቻ ስጭኝ።»

«ይሁን። ነገ ቅዳሜ እስከዳርን ላመጣ ቡሬ እወርዳለሁ። እስክመለስ ሃምሳ ሰው ገብቶ ካየልህ፣ ልጄን ጎረቤት አስተኛታለሁ፣ ዳግመኛም አልናገርህም። ካላየልህ ግን አንዲት ካርቶን እዚያ ክፍል አታድርም።»

«ቃልሽ ነው?»

«ጣቴን ቀለም ልንከርልህ እንዴ?»

ቅዳሜ መምህር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆሙ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ሻማ አበሩ፤ ኮርቻውና የጽሕፈት መኪናው ጎን ለጎን በነጭ ነጠላ ተሸፍነዋል፣ በክብር እንዲገለጡ። ደጃፉ ላይ አንድ ትልቅ ደብተር ተዘርግቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንዲት የጎረቤት ዶሮ ገብታ፣ ዞር ዞር ብላ፣ አስተያየት ሳትሰጥ ወጣች።

መምህር ሆድ ባሳቸው። «አባቶቻችን ሕዝብ የሚጠሩት በምን ነበር?» ብለው ጮኹ፤ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው «በመለከት!» ብለው መለሱ። መለከቱን ይዘው አጥር በር ላይ ወጡና ሦስት ጊዜ ነፉት።

እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ከመራዊ በኩል የመጣ የቆጋ መስኖ ድንች አስመዝናለሁ። ጥሩምባው ሲሰማ ባለ ድንቹ ሚዛኑን፣ እኔም ድንቹን ጣልን።

«ማን ነው?»

«ከመምህር አብተው ቤት ነው!»

«እትዬ የሻሽወርቅ ትሆን? ጠዋት መናኸሪያ አይቻታለሁ!»

«በቃ! መኪና ነው!»

«ወይኔ የሻሽወርቅ!»

ከገበያው እስከ ቤታቸው ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እኛ ስንደርስ መኪናው ተገልብጦ፣ ሾፌሩ አምልጦ፣ ሌሎች አራት ሰዎች ቆስለው ነበር። መምህር ሕዝቡ ሲጎርፍ አይተው በደስታ ያለቅሳሉ። የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረሰንበት ቀድመው አቀፏቸው።

«መምህር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን! ጽናት ነው ያደረሰኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እኮ ነው!»

«ምነው፣ ቀደም ብለው ሰው ሳይልኩብን?»

«እንዴ! ማስታወቂያ ለጥፌ የለም ወይ?»

አቶ ገብረሰንበት ወደ እኛ ዞረው «ሐዘኑ ጭንቅላታቸውን ነክቶታል» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሁሉም ውስጥ ነው» አሉ መምህር፤ «በተራ ግቡ፣ በእጅ አትንኩ።»

ገባን። በሻማው ብርሃን ነጠላ የለበሰውን ነገር ስናይ ማን ይቆማል! የከተማችን አልቃሽ ወይዘሮ ሠርክአዲስ ኮርቻው ላይ ወድቀው ደረታቸውን መቱ። መምህር ከኋላ ቆመው «የኪነ ጥበብ ስሜት ያላቸው ሴት ናቸው» አሉኝ። በእድራችን ለቅሶ የቀረ ይቀጣልና፣ የወጣው ሁሉ «መዝጋቢው የት አለ?» እያለ ደብተሩ ላይ ተሻምቶ ፈረመ። እኔም ሠላሳ አንደኛው ላይ አለሁ። ጎረምሶቹ የእድሩን ድንኳን ሲተክሉ መምህር ቆጠሩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

ይኼኔ ባጃጅ መጣ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከእስከዳር ጋር ወረዱ፣ ድንኳኑን አዩ፣ ለቅሶውን ሰሙ።

«አብተውዬ! ጥለኸኝ ሄድክ!» ብለው መሬት ላይ ተዘረጉ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ወይዘሮ ሠርክአዲስ «በስመ አብ! ሟቿ ራሷ መጣች!» ብለው አማተቡ። መምህር ደብተሩን እያውለበለቡ በሕዝቡ መካከል እየጣሱ ሮጡ።

«የሻሽ! ሁለት መቶ አሥራ አራት!»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ባላቸውን በሕይወት ሲያዩ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው ከልባቸው አለቀሱ። ከዚያ ነገሩ ሲገባቸው ለቀቋቸው።

«ቃልሽን አትርሽ» አሉ መምህር። «ሃምሳ ነበር ያልሽው።»

አቶ ገብረሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ጊዜ! በእድራችን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ አሥራ ሁለት፣ ሟች በሌለበት ጥሩምባ የነፋ ከእድር ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቢሞት ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ቃሬዛ የሚይዝለት የለም። መምህር፣ በሕዝብ ፊት ይናገሩ። ይህ ደብተር የጎብኚ ነው ወይስ የለቅሶ?»

የመምህር ፊት አመድ መሰለ። የጎብኚ ነው ካሉ ክፍሉ የእሳቸው ነው፣ ቀባሪ ግን የላቸውም። የለቅሶ ነው ካሉ ቀባሪ አላቸው፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ግን አንድ ጎብኚ አላገኙም። ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ስም አንድ በአንድ አዩት። ብታዩአቸው ያሳዝኗችሁ ነበር።

«አባባ» አለች እስከዳር ወገቧን ይዛ፤ «ጋደም የምልበት የለም እንዴ?»

መምህር ልጃቸውን አዩና ደብተሩን ዘጉት። «የለቅሶ ነው» አሉ።

«ሟች ማን ተብሎ ይመዝገብ?» አሉ አቶ ገብረሰንበት።

«ሙዚየሙ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ።

ደንቡ ተገለጠ። ሟች የግድ ሰው ይሁን የሚል አንቀጽ አልተገኘም። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ተቀበለው። ስልኩ፣ ሰዓቱ፣ ኮርቻው በቃሬዛ፣ በቀስታ፣ ወደ ጭድ ቤቱ ተሸኘ፤ በቦታው አልጋ ገባ። ወይዘሮ ሠርክአዲስም ጉልበታቸው ከንቱ እንዳይቀር ሙሾውን አወረዱት፤

«ስልክ ነበር ያለው፣ የማይደወልበት፣
ሰዓትም ነበረው፣ ቀን የማይመሽበት፣
ምነው በሕይወቱ፣ አንድ ሰው በገባበት!»

ድንኳን አንዴ ከተተከለ ሦስት ቀን አይነቀልምና ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሐዘንተኛ ሲያወራ መስማት ግዴታ ነው፤ መምህርም ደጃዝማቹን ከውልደት እስከ ሞት ተረኩልን። ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «እንዴት ያለ ሙዚየም ነበር!» ይላል። «ሳንጠግበው!» ይላል ሌላው። አንድ ከሊበን ከተማ የመጣ ነጋዴማ ሙዚየሙን በሕልሙ እንዳየው ምሎ ተናገረ። መምህር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እገድለው ነበር» አሉኝ።

በሁለተኛው ሌሊት እስከዳር በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። በሦስተኛው ቀን የባህሉን ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ወንዳወቅ ከነኮሚቴያቸው መጥተው የሟቹን የሕይወት ታሪክ አነበቡ። «ጽሕፈት ቤታችን ከልደቱ ጀምሮ እስከ ዕለተ ዕረፍቱ ከጎኑ ተለይቶ አያውቅም።» ይህ እውነት ነው፤ አጥሩ ከመምህር አጥር ጋር ይዋሰናል። ቀጠሉ፤ «የሟቹን ስም ለማስጠራት፣ በዚያው ቦታና በዚያው ክፍል፣ በስሙ የሚጠራ ዘመናዊ ሙዚየም ለማቋቋም ኮሚቴ ተዋቅሯል!»

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። መምህር ዓይናቸው በራ፤ ከመቀመጫቸው ብድግ ሊሉ ቃጡ። ከውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ የገንፎ ማማሰያ እንደያዙ ብቅ አሉ።

«አቶ ወንዳወቅ» አሉ በትሕትና፤ «የእርስዎ ቤት ስንት ክፍል አለው?»

አቶ ወንዳወቅ ወረቀቱን አጠፉ። ሰዓታቸውን አዩ። አስቸኳይ ስብሰባ እንዳለባቸው ትዝ አላቸውና ወጡ፤ ኮሚቴውም አንድ በአንድ ተከተላቸው።