የእትዬ መስቱራ የፊት ንባብ

ሐበሻ በበዛበት የውጭ አገር ሕንፃ ሁሉ አንድ ፊት አንባቢ አይጠፋም። ሐኪም ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ደም ቀድቶ፣ ስንት ቀን አስጠብቆ የሚነግራችሁን ፊት አንባቢው ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ይነግራችኋል። ያውም ሳትጠይቁት፣ ያውም ጎረቤት እየሰማ።

ቶርንክሊፍ ፓርክ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ይህ ሥልጣን የክብርት እትዬ መስቱራ ነው። ሥራቸው ስካርቦሮ በሚገኝ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ክሊኒክ እንግዳ መቀበልና ፎጣ ማጠፍ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊት ካርታ ሲያዩት ሲያዩት ግን በቃላቸው ያዙት። በቅንድብ መሃል ጉበት፣ የአፍንጫ ጫፍ ላይ ልብ፣ ከዓይን ሥር ኩላሊት። የክሊኒኩ ባለቤትም ለስላሳ አረንጓዴ ድንጋይ በዘይት ፊት ላይ እየገፉ መጨማደድ እንዴት እንደሚያለሰልሱ አስተማረቻቸው፤ በሽተኛ የሚወጋበትን መርፌ ግን ንክች እንዳያደርጉ ከለከለቻቸው። ለዚህ ውሳኔዋ ሕንፃው በሙሉ ያመሰግናታል።

“ወደ መብራቱ ዞር በል እስቲ” ካሉ አለቀ። አውቶቡስ ነጂው ሙኽታር አንድ ቀን የሚስቱን ዘመዶች ይዞ ሊፍት ገባ። እትዬ መስቱራ በቅንድቡ መሃል ያለችውን መስመር አዩና፣ “ይሄ ጉበት ተቆጥቷል፤ ቤት ውስጥ ትጮሃለህ አይደል?” አሉት። ዘመዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። “ፊት አይዋሽም” ብለው እትዬ መስቱራ ወረዱ። ሙኽታር ከዚያ ወዲህ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ነው የሚያጠልቀው።

ሴቶቹ ያሟቸዋል፣ ግን ያለ እሳቸው ሰርግ አይሄዱም። ስታሾፍባቸው የኖረችው ኑኃሚን እንኳ አንዴ ፊቷን በድንጋያቸው ታሽታ ስትነሣ መስታወት ፊት ቆማ ቀረች፤ አምስት ዓመት ቀነሱልኝ እያለችም ላገኘችው ሁሉ አወራች።

በዚህ ሕንፃ ግን ፊቷ እንዳይነበብ የምትጸልይ አንዲት ሴት ነበረች፤ ኢብቲሳም። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪሞች ናሙና ወስደዋል። ውጤቱ ማክሰኞ ነው። የታናሽ እህቷ የሪም ኒካህ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ እሑድ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሪምን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ሪም ይህን ብትሰማ ኒካሁን በዚያችው ደቂቃ እንደምታስቀር ታውቃለች። ስለዚህ ለማንም አልተናገረችም። በጣም ፈርታ ነበር፤ የምታለቅሰውም ሻወር ከፍታ ነበር።

እትዬ መስቱራ እንዳያነቧት ሊፍት ውስጥ ማስክ ማድረግ ጀመረች። ለጠየቃት ሁሉ “ጉንፋን ነው” አለች። ትልቁ ስሕተቷ ይህ ነበር፤ ሐበሻ መሃል እየኖሩ ጉንፋን ያዘኝ አይባልም። አንዷ አብሽ፣ አንዷ ዝንጅብል በማር፣ ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ ይዛ በሯን አንኳኳች፤ ሁሉም ማስኩን አውርደሽ ስትጠጪ ካላየን አንሄድም አሉ። እትዬ መስቱራ ብቻ አልመጡም። ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስጨነቃት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሴቶቹ ለሂና ኢብቲሳም ቤት ተሰበሰቡ። እትዬ መስቱራም ድንጋያቸውን ይዘው ገቡ። ሪም በድንጋዩ ታሽታ ፊቷ እያበራ ተነሣች።

“ቀጥሎ ኢብቲሳም” አሉ።

“ጉንፋኑ አለቀቀኝም እትዬ፣ እንዳላስይዝዎ።”

“እኔ ነኝ የምይዘው። ማስኩን አውርጂና ተኚ።”

እምቢ ብትል ሁሉም ምን ሆነሽ ሊላት ነው። ሶፋው ላይ ጋደም አለች።

“ወደ መብራቱ ዞር በይ እስቲ።”

ሪም ከራስጌዋ መጥታ ቆመች። “እትዬ፣ ሰሞኑን ልክ አይደለችም። እኔን አትነግረኝም፤ ፕሊስ እርስዎ ቼክ ያድርጓት።”

የእትዬ መስቱራ አውራ ጣት ግንባሯን አቋርጦ በቅንድቧ መሃል ቆመ። ኢብቲሳም ዓይኗን ብትከፍት እንባዋ እንደሚወርድ፣ ብትጨፍነውም እንደሚያሳብቅባት ተሰማት። ጣቱ አልተነሣም። ሴቶቹ ፍርድ እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ።

“ጨጓራ ነው” አሉ እትዬ መስቱራ በመጨረሻ። “በርበሬ ታበዛለች፣ እንቅልፍ የላትም። የሙሽራ እህት መቼ ትተኛለች?”

“በቃ? ይኸው ነው?” አለች ኑኃሚን፣ ቅር ብሏት።

“ይኸው ነው። ፊት አይዋሽም።”

ሴቶቹ ወደ ሂናው ተመለሱ። እትዬ መስቱራ ድንጋዩን መንጋጋዋ ላይ እየገፉ ጎንበስ አሉ።

“ቀጠሮሽ መቼ ነው?” አሉ በሹክሹክታ።

“ማክሰኞ” አለች ኢብቲሳም። “ፊቴ ላይ አዩት?”

“የምን ፊት? በጨርቅ ሸፍነሽው። ሳል የሌለው ጉንፋን ግን አይቼ አላውቅም። ደግሞ ሊፍት ውስጥ ቦርሳሽን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ነው የምትቆሚው። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ ቆሜያለሁ። ማክሰኞ አብረን ነን።”

የኢብቲሳም እንባ ወደ ጆሮዋ ወረደ።

“ፎጣ አቀብሉኝ፣ ዘይቱ ዓይኗ ገባ” አሉ እትዬ መስቱራ ጮክ ብለው።

ኒካሁ እሑድ ታሰረ፤ ሪም በየፎቶው ሳቀች። ማክሰኞ ሁለቱ ሐኪም ቤት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐኪሟ ወረቀት ይዛ ገብታ በሩን ስትዘጋ ኢብቲሳም የእትዬ መስቱራን እጅ ያዘች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነቻቸው።

“እትዬ፣ ፊቷን ያንብቡልኝ።”

እትዬ መስቱራ ሐኪሟን ትክ ብለው አዩ። “አላውቅም ልጄ” አሉ። እጇንም አጥብቀው ያዙ።

ሐኪሟ ተቀመጠችና ካንሰር አይደለም አለች። “አልሐምዱሊላህ” ብለው እትዬ መስቱራ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ኢብቲሳም ለሪም ራሷ ደውላ ነገረቻት፤ ሪምም አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ እንደገና አለቀሰች። ያን ዕለት ማታ ወሬው በሕንፃው ተዳርሶ ሊፍቱ እስከ በሩ ሞልቷል።

“ሐኪሟ ገና ስትገባ ነው ያነበብኳት” ይላሉ እትዬ መስቱራ። “ግንባሯ ጥርት ያለ ነበር። ካላመናችሁ ኢብቲዬን ጠይቋት።”

ሁሉም ወደ ኢብቲሳም ዞረ። ሙኽታር ኮፍያውን ከፍ አደረገ። ማስክ አላደረገችም፤ መብራቱም ልክ ከፊቷ በላይ ነበር።

“እውነት ነው” አለች ኢብቲሳም፣ ዓይኗን ሳትሰብር። “ሐኪሟ አፏን ሳትከፍት ነው የነገሩኝ።”

ማንም አልተጠራጠረም። እትዬ መስቱራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የሊፍቱን በር እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ “ፊት አይዋሽም” አሉ።