የደረቀውን ደግነት ለማርጠብ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ከፖሶን ሙሉ ጨረቃ በዓል ማግስት፣ እሑድ
ቦታ፦ ሄናዌላ መንደር፣ የቡድሃ ቤተ መቅደስ የስብከት አዳራሽ፣ ጣሪያው በማያፈስበት በኩል
ሰዓት፦ ለ9 ሰዓት ተጠርቶ፣ የአዳራሹ ቁልፍ እስኪገኝ ተጠብቆ፣ 10 ሰዓት ሊሞላ ሲል ተጀመረ

የተገኙ፦
1. አቶ ቲሌከራትነ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ
2. አቶ ፑንቺባንዳ፣ አባል፣ የኮኮናት ገበሬ
3. ወ/ሮ ዲንጊሪአማ፣ አባል
4. አቶ ሄራት፣ አባል፣ የወ/ሮ ዲንጊሪአማ ታናሽ ወንድም (በመካከላቸው ሁለት ባዶ ወንበር አለ)
5. ወ/ሮ ላሊታ፣ ጸሐፊ
6. የተከበሩ ሬዋታ ቴሮ፣ የቤተ መቅደሱ መነኩሴ፣ ድምፅ የማይሰጡ

ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ያልተሟላ ቢሆንም ኖሮ ሰብሳቢው ለመጀመር ቆርጠው የመጡ መሆኑን ገልጸዋል።

አጀንዳ 1፦ የደግነት ተመስጦአችን ስለ መድረቁ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ በትናንቱ በዓል «ፍጥረት ሁሉ ደስ ይበለው፣ ከሥጋት ይዳን፣ በሰላም ይኑር» እየተባለ ሳለ ከምእመናን ገሚሱ ተኝቷል፤ ከተኙትም ውስጥ ያንኮራፉ አሉ። ይህ ተመስጦ ልብን ማራስ ሲገባው እንቅልፍ ማምጫ ሆኗል። አቶ ፑንቺባንዳ በበኩላቸው፣ ሰብሳቢው ቃሉን የሚያነቡት የባቡር መዘግየት በሚያስታውቁበት ድምፅ ስለሆነ ሰው ባይተኛ ነበር የሚገርመው ብለዋል። ሰብሳቢው ይህ አነጋገር ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አመልክተዋል። ጸሐፊዋ ጭንቅላቷን ነቅንቃ መስማቷን ካረጋገጠች በኋላ ጽፋዋለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ የድምፅ ማጉያው ከፍ እንዲል ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ጦጣን በሚመለከት

አቶ ፑንቺባንዳ «ፍጥረት ሁሉ» ሲባል ጦጣንም ይጨምር እንደሆነ ጠይቀዋል። ይጨምራል ሲባሉ ንግግራቸው ቃል በቃል እንዲመዘገብላቸው አሳስበው የሚከተለውን ተናግረዋል፦

«ማታ እዚህ ቁጭ ብዬ ጦጣ ደስ ይበለው እላለሁ። ቤቴ ስገባ ለጋ ኮኮናቱን ሁሉ አራግፎ ይጠብቀኛል። ደስ ብሎታል እኮ! ከዚህ በላይ ምን ይበለው? እንግዲህ እኔ ደስ እንዲለኝ ደግሞ እሱ ትንሽ ይጸልይልኝ!»

ሰብሳቢው አባሉ ስሜታዊ እንዳይሆኑ ቢያሳስቡም፣ የእሳቸውም ማንጎ በዚያው ሳምንት መበላቱን አልሸሸጉም። ከረጅም ውይይት በኋላ ጦጣ እስከ ምርት መሰብሰቢያ ድረስ ከፍጥረት ሁሉ ለጊዜው እንዲታገድ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። የተከበሩ ሬዋታ ቴሮ ውሳኔው ለጦጣዎቹ በማን በኩል እንደሚደርሳቸው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ወደ አጀንዳ 3 አልፈዋል።

አጀንዳ 3፦ አስቸጋሪ ሰው ስለ መምረጥ

የተከበሩ ሬዋታ ቴሮ ሥርዓቱን አስታውሰዋል። ሰው ደግነትን በቅድሚያ ለራሱ፣ ቀጥሎ ለሚወደው፣ ከዚያ ለማያውቀው ይመኛል፤ በመጨረሻም ለሚያስቸግረው ሰው ይመኛል። አባላት እስካሁን ለዚህ ለመጨረሻው ማንን ይዘው እንደቆዩ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ከብዙ ዘመን በፊት የሞቱ አንድ የባቡር ተቆጣጣሪ፣ አቶ ፑንቺባንዳ ጣሊያን የሚኖር የአጎታቸውን ልጅ፣ ወ/ሮ ዲንጊሪአማ ሟች አማታቸውን፣ ጸሐፊዋ በቴሌቪዥን ያየችውን የክሪኬት ጨዋታ ዳኛ ይዘው መቆየታቸውን ተናግረዋል። አቶ ሄራት መናገር አልፈለጉም።

መነኩሴው «የሞተና ጣሊያን ያለ ሰው ምን ያስቸግራል? ደጃችሁ ያለውን ያዙ እንጂ!» ብለዋል።

በዚህም መሠረት እያንዳንዱ አባል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት አንዱን እንዲጠቁም ሰብሳቢው በድፍረት ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ፑንቺባንዳ ሰብሳቢውን ጠቁመዋል። ጸሐፊዋ እጇ በብዕር የተያዘ ቢሆንም የብዕሩ ጫፍ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ ተገኝቷል። ሰብሳቢው «እኔን? እኔ ምን አደረግሁ?» ካሉ በኋላ ስብሰባው ለሻይ እንዲቋረጥ አዝዘዋል። ሻዩን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጠጥተዋል።

ከሻይ በኋላ ወ/ሮ ዲንጊሪአማና አቶ ሄራት ማንንም አለመጠቆማቸው ተነሥቷል። ለመዝገቡ ያህል፣ እናታቸው በሁለቱ ግቢ ድንበር ላይ የተከሉትን የጃክ ፍሬ ዛፍ አቶ ሄራት ሥሩ ግድግዳዬን አነሣው ብለው ካስቆረጡ ወዲህ እኅትና ወንድም አይነጋገሩም። በሠርግም በለቅሶም አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ሰብሳቢው ወ/ሮ ዲንጊሪአማ ከወንድማቸው ፊት ተቀምጠው ቃሉን እንዲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ዲንጊሪአማ ወንበራቸውን ከጎተቱ በኋላ የአዳራሹን ምሰሶ እያዩ «ደስ ይበልህ፣ ከሥጋት ዳን፣ በሰላም ኑር» ብለዋል።

አቶ ሄራት፦ «ለእኔ ነው ለምሰሶው?»

ወ/ሮ ዲንጊሪአማ፦ «የሰማ ይውሰደው።»

ሰብሳቢው ሥርዓቱ ተፈጽሟል ብለው ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ የተከበሩ ሬዋታ ቴሮ አስቆሟቸው። «እናቴ፣ ቃሉን ይተዉት። ሐሙስ ለዚህ ሰው ምን እንዲሆንለት ይፈልጋሉ?»

«ሐሙስ ምን አለ?» አሉ ወ/ሮ ዲንጊሪአማ።

ወ/ሮ ዲንጊሪአማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንድማቸው ዞረዋል። ከዚህ በኋላ የተባለውን ማሳጠር ስላልተቻለ እንዳለ ተመዝግቧል።

«ልቤን ሊከፍቱት ነው» አሉ አቶ ሄራት። «ካንዲ ሆስፒታል።»

«ማን ነው የሚያስታምምህ?»

«ነርስ አለ።»

«ነርስ ምን ታውቃለች! ሲያምህ ከእኔ እጅ በቀር አጥሚት ጠጥተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እና በራብ ልትሞት ነው? ደንቆሮ! ለአባ ትናገራለህ፣ ለእኔ አትናገርም?»

«እንዴት ልናገር? በር ትዘጊብኛለሽ።»

«እዘጋለሁ! ዛፉን መቼም አልረሳልህም። ሰማህ? መቼም። ግን እንዳትሞት። ዝም ብለህ እንዳትሞትብኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

እዚህ ላይ ቃለ ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል። ምክንያቱ የቀለም እጥረት አይደለም።

አጀንዳ 4፦ አዲስ ቃል ስለ ማጽደቅ (ከሰብሳቢው በድንገት የቀረበ)

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከጠረጉ በኋላ፣ የተፈለገው እርጥበት ስለተገኘ ሳይደርቅ በውሳኔ እንዲያዝ ጠይቀዋል። ይኸውም ከዛሬ ጀምሮ በነባሩ ቃል ፈንታ «ዝም ብለህ እንዳትሞትብኝ» የሚለው በድምፅ ማጉያ ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲባል ነው። አቶ ፑንቺባንዳ «ደንቆሮ» የሚለው የቃሉ አካል መሆን አለመሆኑ እንዲብራራ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ለብዙ ሰው ሲሆን «እንዳትሞቱብኝ» መባል እንዳለበት አስገንዝባለች። ከረጅም ውይይት በኋላ «ደንቆሮ» ለሥጋ ዘመድ ብቻ እንዲፈቀድ ተወስኖ ወዲያው ሙከራ ተደርጓል። ሰብሳቢው በማጉያው መርተዋል፤ አባላት ተቀብለዋል። በሦስተኛው ዙር አቶ ፑንቺባንዳ አዛግተዋል።

ሰብሳቢው ማጉያውን አጥፍተው በተሰበረ ድምፅ «ምን አጠፋን? ቃሉ እኮ ያው ነው!» ብለዋል።

የተከበሩ ሬዋታ ቴሮ «እሳቸው የተናገሩት ለሄራት ነው። እኛ የተናገርነው ለማጉያው» ሲሉ መልሰዋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እኅትና ወንድም ከኋላ ሆነው ለሆስፒታል ስንት የሳሮንግ ሽርጥ እንደሚያዝ ሲከራከሩ ነበር፤ ሥርዓት እንዲይዙ ቢነገራቸውም አልሰሙም። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ አቶ ፑንቺባንዳ ዞረው፣ ከአጀንዳ ውጭ፣ «በእኔ ላይ ያለህን ቅሬታ በሙሉ ዛሬ ማታ እቤቴ መጥተህ ንገረኝ። አልቆጣም። ትንሽ ብቻ እቆጣለሁ» ብለዋል። አቶ ፑንቺባንዳ ብዙ ስለሆነ እራት ከተዘጋጀ እመጣለሁ ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ ድምፅ ማጉያን፣ ጦጣን፣ መጠቆምንና አዲሱን ቃል በተመለከተ የተወሰነው ሁሉ ከመነሻው እንዳልተወሰነ እንዲቆጠርና ነባሩ ቃል በነበረበት እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። አቶ ፑንቺባንዳ እጃቸውን ያወጡት በመጨረሻ ነው።

ስብሰባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተዘግቷል።

ፊርማ፦ ሰብሳቢው ፈርመዋል። አቶ ፑንቺባንዳ ፈርመዋል። ጸሐፊዋ ፈርማለች። የወ/ሮ ዲንጊሪአማና የአቶ ሄራት ፊርማ የለም። ጸሐፊዋ ለማስፈረም በማግስቱ ብትሄድ የወ/ሮ ዲንጊሪአማ ቤት ተቆልፏል። የአቶ ሄራትን በር ስታንኳኳ የከፈቱላት ወ/ሮ ዲንጊሪአማ ናቸው። «አሁን አጥሚት እሳት ላይ ነው፣ እንዳያርብኝ» አሉ። «ሐሙስ ይለፍ። ሁለታችንም መጥተን እንፈርማለን።»