የኡስታ ኑሩ መጋረጃና አራቱ ክሮች

ይህን ያቀበለችኝ ሐሊማ ናት፤ በኡስታ ኑሩ ልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ሻይ የምትሸጠዋ። የጎደለውን እኔው ከስፌት ቤቱ ጓሮ በሚያዋስነኝ አጥሬ ቀዳዳ ሞላሁት። ወሬ ትወዳለች እንዳትሉኝ፤ ወሬው ነው እኔን የሚወደኝ።

እናንተዬ፣ ሰው ያወቀውን አይደብቅም። ባለሙያ ሴት ወጧን ክዳኑን ከፍታ ነው የምታማስለው። «ይሄ የእጅ ምስጢር ነው» ብሎ በር የሚዘጋ ሰው ስታዩ ጠርጥሩ። እኔ ፊደል በቅጡ ሳልጨርስ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን የሱዳኗ ገዳሪፍ አስተምራኛለች።

ኡስታ ኑሩ፣ ባለሙያን እዚህ አገር ኡስታ ነው የሚሉት፣ ኦቨርሎክ አለችው፤ ያቺ የልብስ ጠርዝ እየቆረጠች የምትዘመዝመው፣ አራት ክር ባንዴ የምትጎርስ ማሽን። ክር ሲያልቅ ኡስታ መጋረጃ ይጥላል። ጥቂት ቆይቶ ሲገልጠው ማሽኗ ጎርሳ ትጠብቃለች። ክሩ በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያመለክቱ ባለቀለም ነጥቦች ብረቷ ላይ ነበሩ፤ ሠራተኛ አይቶ እንዳይማር ብሎ በጥቁር ቀለም ለቀለቃቸው። ጎረቤት እንዳይገባበት ብሎ የገዛ መንገዱን ያረሰ ገበሬ በሉት።

ሠራተኛዋ ትርንጎ ናት። ከመተማ ለሰሊጥ ሥራ መጥታ፣ ሁለት ክረምት ቁረይሻ እርሻ ላይ ወገቧን ጥላ የተመለሰች ልጅ። ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። ኡስታ ታዲያ፣ «የዓረፋ የልጆች ልብስ በዝቶብኛል፤ እስከዚያ ኦቨርሎኩን ካልቻልሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አላት።

«ክር ማስገባቱን ያሳዩኛ።»

«እሱ የኔ ነው።»

ዋና ከልክሎ ወንዝ ተሻገሪ ማለት ይሄ ነው። ካልቻለች የሚጠብቃት ያው የሰሊጥ አረም ነው።

በዓረፋ ዋዜማ ጠዋት ትርንጎ ቀድማ ገባች። ለበዓል ያልጸዳ ነገር ያስነውራል ብላ ማሽኗን ወለወለች፣ ብናኟን አራገፈች። አልበቃትም። በአዲስ ይጀመር ብላ አራቱንም ክር በመቀስ ቆርጣ ከውስጥ ጎትታ አወጣችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ኡስታ መጣ፤ አየ፤ ተቀመጠ።

«ምን አደረግሽ?»

«አጸዳኋት።»

«አጸዳሻት» አለና መጋረጃውን ጣለው።

ቀትር ሆነ፤ መጋረጃው አልተገለጠም። ልብስ የተቀጠሩ እናቶች ደጁን ሞሉት። ከውስጥ የሚሰማው «ቢስሚላህ» ነው፣ ቀጥሎ ጠቅ፣ ቀጥሎ ዝም። ትርንጎ ጥግ ይዛ ቁረይሻ ይታያታል። ሐሊማ ግን፣ «ኡስታ፣ ምጥ ነው እንዴ? አዋላጅ ልጥራ?» አለች። እኔ አጥሬ ሥር ነጠላዬን ነክሻለሁ።

ትርንጎ ጨነቃትና ገባች፤ መጋረጃውን ከኋላዋ መልሳ ጣለችው። ሰውዬው ተንበርክኮ የገዛ ጥቁር ቀለሙን በሚስማር ይፍቃል።

«ኡስታ፣ አያውቁትም እንዴ?»

ሚስማሩን አስቀመጠና፣ «መጀመሪያ ያስገባው የሸጠልኝ ሰው ነው። እኔ አዲሱን ክር ከአሮጌው ጫፍ እየቋጠርኩ ስስብ ነው የኖርኩት» አለ።

ሰባት ዓመት ሙሉ መጋረጃ የተጣለላት ምስጢር አንዲት ቋጠሮ ነበረች።

«ልሞክር?»

«ወላሂ ሞክሪ። ብቻ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

የትኛው የት እንደሚታነቅ ልታይ አራት ዓይነት ቀለም ክር መረጠች። «መርፌዎቹን አስቀድሚ፤ የስፌት ራስ መርፌ ነው» አላት። ከተፋቀው ቀለም ሥር ብቅ ያሉትን ነጥቦች እየተከተለች አስቀደመች። ጠቅ፤ ተበጠሰ። ደገመች። ጠቅ። በሦስተኛው ፔዳሉን ትታ መዘውሩን በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ ዓይኗን ከሥር ከሥር አስከተለች። የታችኛው ክር ከመርፌ በወረደው ክር ተጠልፎ ሲታነቅ አየች።

«ኡስታ፣ የታቹ ይቅደም፤ መርፌዎቹ መጨረሻ ይግቡ።»

«እግር ከራስ ይቀድማል?»

«በሰው ቤት እንጃ። እዚህ ቤት ይቀድማል።»

እንዳለችው አስገባችና ጨርቅ ሳትሰጣት ፔዳሉን ረገጠች። ማሽኗ ከኋላዋ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የክር ጭራ አወጣች። ጨርቁን የሰጠቻት ከዚያ በኋላ ነው። ደጅ ያሉት ድምፁን ሲሰሙ ሐሊማ እልል አለች።

ክር ለመቀየር የደፈረ አልነበረምና የዚያ ዓረፋ የሰፈሩ ልጆች ልብስ ጠርዙ ባለአራት ቀለም ሆነ። እናቶቹ ምን ጉድ ነው ቢሉ ኡስታ ዓይኑን ሳያሽ፣ «አዲስ ፋሽን ነው» አላቸው። የሳምንቱ ሳምንት ሁለት ሴቶች መጥተው፣ እንደዚያው ይደረግልን አሉ።

ኡስታ ኑሩ አሁን ይለካል፣ ይቆርጣል። ሐሊማ አግብታ ገላባት ወርዳለች። ትርንጎ ኦቨርሎኩ ላይ ናት።