የፊልሙ ልጅ መርዶ

ፊልም ውስጥ ያለ ልጅ አያድግም። ይህን ነገር ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? እናንተ ጥርሳችሁ ይረግፋል፣ ፀጉራችሁ ይሸሻል፣ የቤት ኪራያችሁ ይጨምራል፤ እሱ ግን ዴኩን በከፈታችሁት ቁጥር ያው ልጅ ነው። ያው የፊት ጥርሱ እንደወለቀ፣ ያው ከአናቱ የሰፋ ባርኔጣውን እንደደፋ፣ በዚያ አንጀት በሚበላ ድምፁ ያንጎራጉራል። የእኛ ልጆች እንደዚያ ቢሆኑ ኖሮ ስንት ጫማ በተረፈን! ግን የእኛዎቹ ያድጋሉ። አድገውም ይሄዳሉ።

እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ ከእኔ ጋር አጥር የሚጋሩ እማማ ይታይሽ የሚባሉ ባልቴት አሉ። አንድ ልጅ አላቸው፤ አንማው ይባላል። አንማው ባሕር ዳር የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከፍቶ፣ አግብቶ፣ ቦርጭ አውጥቶ ይኖራል። ባሕር ዳር ነው ያልሁት፤ አሜሪካ አላልሁም። ጠዋት የተሳፈረ ሰው ለምሳ የሚደርስበት አገር ነው። እናቱን ለማየት ግን ሥራው አልመች ብሎት ዓመታት አለፉ፤ ፋሲካ ሲመጣ ለገና፣ ገና ሲመጣ ለፋሲካ ይቀጥራቸዋል። በምትኩ ቴሌቪዥንና ዴክ ገዝቶ ላከላቸው፤ ከዴኩም ጋር ጥቂት ሲዲዎች። ከየት እንዳገኛቸው እንጃ፣ ሁሉም የድሮ የውጭ አገር ፊልሞች ናቸው፤ ግማሹ ዘፈን ነው፣ በሁሉም ላይ የሚዘፍነው ደግሞ ያው አንድ ልጅ ነው።

ቋንቋውን በሰፈራችን የሚያውቅ የለም። የህንድ ነው ያለም፣ የጣሊያን ነው ያለም አለ። እማማ ይታይሽ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ልጁ ከናቱ ተለይቶ ይንከራተታል፣ በየደጁ ይዘፍናል፣ መጨረሻ ላይ እናቱን ያገኛል፤ በቃ። ስሙን ስለማያውቁ "ልጀ" ነው የሚሉት። ሲዲው ተጭሮ ዘፈኑ ሲንተፋተፍ እንኳ፣ "ልጀን ዛሬ ጉንፋን ይዞታል" ይላሉ። አንድ ቀን፣ "እማማ፣ አንዱን ፊልም ሲመላለሱበት አይሰለችዎትም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ይኸኛውስ መጨረሻ ላይ ይመጣል" አሉኝ።

ወንበር ስቤ መጨረሻውን አብሬያቸው አየሁ። 

ታዲያ በአንድ የተረገመ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ኤፍሬም እውቀት አማረው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? የልጁን ምስል በስልኩ አንስቶ፣ ኢንተርኔት ውስጥ ገብቶ ጎረጎረና ታሪኩን አወጣው። ለካ ፊልሙ የተሠራው ገና እኛ ሳንወለድ ነው! ልጁ አድጓል፣ ጢም አውጥቷል፣ ሸምግሏል፣ ጊዜው ሲደርስም አርፏል። መምህሩ ትልቅ ነገር ያገኘ ሰው ፈገግታ ፊቱ ላይ እንደበራ ወደ ሳሎን ዘለቀና፣ "እማማ! ይሄ ልጅ እኮ ሞቷል!" አላቸው።

እኔ ጢሜን እየተላጨሁ ነበር። "ልጀን! ልጀን!" የሚል ጩኸት ጆሮዬን ሲሰነጥቀው ክው ብዬ ቀረሁ። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው የእማማ ይታይሽ ልጅ አንማው ነው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። አረፋዬን ሳልጠርግ ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ በአጥሩ ዘልዬ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ደረት ይደቃሉ፣ የእድሩ ድንኳን እንጨት እየተተከለ ነው። እዚህ አገር በመጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ ኋላ ይጣራል። መምህር ኤፍሬም፣ "ኧረ አንማው አይደለም! ፊልም ነው! ፊልም ነው!" እያለ ቢጮህ፣ ድንጋጤ አእምሮውን ነክቶታል ብለው ውሃ አፈሰሱበት።

እንደምንም ጎትቼ አወጣሁትና ነገሩ ገባኝ። ሮጬ ለጋሽ ሙሉሰው ነገርኋቸው፤ የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ መርዶ በማርዳትም የሚወዳደራቸው የለም። ጋሽ ሙሉሰው በእኔ ወሬ ብቻ ድንኳን የሚያፈርሱ ሰው አይደሉም። "እስቲ በጀሮየ ልስማው" ብለው ደወሉ።

"አቤት፣ ጋሽ ሙሉሰው" አለ አንማው።

ሽማግሌው አማተቡ። እስኪ አስቡት፤ በሕይወት ያለን ሰው "እያለቀስንልህ ነው" ይሉታል? ሟርት አይሆንም? ተጨነቁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሳቸውም አፋቸው የለመደውን አወጡ።

"ምንም የለ ልጀ። እናትህን ትንሽ አመም አርጓቸው ነው። አሁን እንኳ ተሽሏቸዋል። ብቻ ብትመጣ መልካም ነው። አይዞህ፣ ወንድ ልጅ ነህ።"

ከኋላቸው ሴቶቹ ዋይ ዋይ ይላሉ። ስልኩን ዘጉና፣ "በዘዴ ነገርሁት" አሉኝ።

በዘዴ! ወገኖቼ፣ በእኛ አገር የታመመ ሰው ታመመ ይባላል፤ "ትንሽ አመም አርጓቸው ነው፣ ተሽሏቸዋል" የተባለ ሰው ግን ገንዘው ጨርሰውታል ማለት ነው። ደግመን ብንደውል፣ ደጋግመን ብንደውል፣ ስልኩ ተዘግቷል።

ድንኳኑ ፈረሰ፤ ለቀስተኛውም እያጉረመረመ ተበተነ። አንዲት ሴትዮ፣ በከንቱ አስለቀሱን ብለው እማማ ይታይሽን ተቆጧቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እኔ ያለቀስሁት ለልጀ ነው፤ ለየትኛው እንደሆነ እናንተ ምን አገባችሁ?" አሉ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። አንማው ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሶ፣ ደረቱ ላይ በመስተዋት የተገጠመ ትልቅ ፎቶ አቅፎ፣ "እናቴን! እናቴን!" እያለ ገባ። እናቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩት። እሱም አያቸው። ፎቶውን እንዳቀፈ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ። ምስሩ ተደፋ፣ እማማ ተነስተው አንገቱን አቀፉት፤ ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ፣ አልዋሽም።

እንባው ሲበርድ እማማ ይታይሽ ፎቶውን አነሱት። የራሳቸው ፎቶ ነው፤ ክፈፉ ወርቃማ፣ ዙሪያውን የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበታል። ለለቅሶ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን፣ ምንም የማይወጣለት ሥራ። ገልበጥ ቀና እያደረጉ ሲያዩት ቆዩ።

"ፎቶ ቤቱ እንዲህ ቶሎ ያደርሳል፣ ልጀ?"

አንማው አቀረቀረ። "አምና ነው ያሠራሁት፣ እማየ። ድንገት ቢሆን እንዳልቸገር ብየ።"

በዚያ ቀን ስንት ጊዜ ደነገጥሁ! ይህን ያህል ግን አልደነገጥሁም። ሊያየው የመጣው ጎረቤት ሁሉ አፉን ያዘ። ሕያዊቱን ለማየት ጊዜ ያጣ ሰው ለሙቷ አምና ተሰናድቶ ኖሯል! እማማ ይታይሽ የመስተዋቱን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ጎሽ የኔ ልጅ" አሉት። "እኔ እኮ ረስቶኛል ብየ ነበር።"

ሰሙ ምርቃት ነው። ወርቁን እሱ ይፈልገው።

በማግስቱ ማለዳ ጅጋ ሄድሁ፤ የእኔ እናት እዚያ ናት። ጅጋ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እናቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ደም የሚባል አጣ። መቃኑን ደግፋ ይዛ፣ "ማን ሞተ?" አለችኝ።