ከሥልጠና የተመለሰው ቅቤ ሻጭ

በዚህች አገር ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ሥልጠና ያልገባና ከሥልጠና የተመለሰ። ያልገባውን «እንዴት አደርክ?» ብትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የተመለሰው ግን ቆም ይልና ጥያቄያችሁን ያስተካክልላችኋል። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። የእኛው ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ናቸው፤ ክቡር ጋሽ ገዳሙ፣ የ«ገዳሙ ቅቤና ማር» መሥራች፣ ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ከሥልጠናው ወዲህ ደግሞ የቡድን መሪ። አራት ዓመት አብሬያቸው ስለሠራሁ ላማቸው መብት አለኝ።

ከሥልጠናው በፊት ሱቃችን ሱቅ ነበረች። ቅቤ ይገባል፣ ቅቤ ይወጣል። አካለ ወልድ በባጃጁ ከአምበር ገበያ ያመጣል። እትዬ ወለተ ኪዳን ለጋውን ከበሳሉ፣ ንጹሑን ሙዝ ከተቀላቀለበት ይለያሉ፤ ረቡዕና ዓርብ በአፍንጫ ብቻ፣ በሌላው ቀን በምላስም ጭምር። ምሥራቅ የምባለው እኔ ደግሞ እመዝናለሁ። ጋሽ ገዳሙ በሩ ላይ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ይሰጣሉ። አራታችንም ማን ምን እንደሚሠራ እናውቅ ነበር፤ ቡድን መሆናችንን ግን አናውቅም ነበር።

ያወቅነው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ጋሽ ገዳሙ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ተካፍለው፣ ሰርተፍኬት፣ ባለ እግር የወረቀት ሰሌዳና አራት ቀለም ማርከር ይዘው ገቡ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ይዘውት የመጡት ጥያቄ ነበር፤ «ከአስር ስንት?»

«ዛሬስ ወገቤን አሞኛል» አሉ እትዬ ወለተ ኪዳን የቅቤ ባልዲ እያስጠጉ።

«ከአስር ስንት?»

እትዬ በዕድሜ ስለሚበልጧቸው ከእኛ መካከል ጋሽ ገዳሙን አንተ የሚሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ወገብ ነው ያልኩህ ገዳሙ፣ ቅቤ አይደለም።»

«ያልተለካ ነገር አይሻሻልም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አስር። አሁን ተሻለኝ?»

ጋሽ ገዳሙ ምንም ሳይከፋቸው ሰሌዳው ላይ «ወገብ» ብለው ጻፉና ከጎኑ በቀይ የአስርን ቁጥር አሰፈሩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደንበኛ ሁሉ እሱን እያነበበ ይወጣ ነበር።

ቀጥሎ የግብ ቀን መጣ። ለእያንዳንዳችን ቁራጭ ወረቀት ታደለን። የዓመቱን ግባችንን ጽፈን፣ አጥፈን፣ ባዶ የማር ቆርቆሮ ውስጥ እንድንከት ታዘዝን። እኔ «የደንበኛ አያያዝን ማሻሻል» ብዬ ጻፍኩ፤ ማርኬቲንግ የተማርኩት ለዚህ ነው። አካለ ወልድ «ጎማ» ብሎ ጻፈ። የእትዬ ወለተ ኪዳን ወረቀት ሲገለጥ ግን ፊትና ጀርባው በስም ተሞልቷል፤ ኃይለ ሚካኤል፣ አመተ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ሰንበት፣ ሌላም፣ ሌላም።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጆቼ የክርስትና ስም ነዋ። የሞቱትም አሉበት። ለጸሎት አይደል እንዴ የሰበሰብኸው?»

እውነት አላቸው፤ በእኛ አገር ስም የተጻፈበት ወረቀት ታጥፎ የሚሰበሰበው ለካህን ሊሰጥ ነው። ጋሽ ገዳሙ ማርከራቸውን ከፈቱ። ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ገለበጧቸው። «ፈጻሚ አካል» በሚለው ሥር «እግዚአብሔር» ብለው ሞሉ፤ «የጊዜ ገደብ» በሚለው ሥር ሰረዝ አደረጉ።

ግቡ እንዲህ ከተያዘ በኋላ ስጦታው ጀመረ። «ስማችን በሰው እጅ ላይ መዋል አለበት» ይሉ ነበር፤ ይህንንም ከሥልጠናው ነው ያመጡት። መጀመሪያ ካናቴራ ታተመ። ቢጫ ነው፣ ደረቱ ላይ «ስለ እናንተ እንቀልጣለን» ይላል፣ ሁሉም በአንድ ልክ፣ እሱም በትልቁ። በማርቆስ ብርድ ካናቴራ ብቻውን ማን ይለብሳል? አካለ ወልድ ከጃኬቱ በላይ አጠለቀው። እትዬ ወለተ ኪዳን ከሹራባቸው በላይ ለብሰው ነጠላቸውን ጣል ሲያደርጉበት የላይኛው መስመር ተሸፍኖ «እንቀልጣለን» የሚለው ብቻ ይታይ ነበር።

ከካናቴራው በኋላ የቁልፍ መያዣ መጣ። ቅቤ ለሚያመጡልን የአምበር ገበሬዎች ሁሉ ታደለ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ቤታቸው ከውስጥ በመወርወሪያ እንጂ በቁልፍ የሚዘጋ ስላልነበረ፣ ወስደው በበቅሏቸው አንገት ላይ አንጠለጠሉት። እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። ጋሽ ገዳሙ ግን በቅሎዋ ገበያውን አቋርጣ ስትሄድ በዓይናቸው ሸኝተው «ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ!» አሉ፤ ለበቅሎዋም ከሱቁ አንድ ጣሳ ገብስ እንዲሰጣት አዘዙ።

ጉድ ያፈላው ግን ካላንደሩ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ግብ ሰሌዳው ላይ በአረንጓዴ ተጽፎ ነበር፤ በቅበላ ሳምንት ስድስት መቶ ኪሎ ቅቤ መሸጥ። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ሳምንት ለቅቤ ሻጭ የዓመቱ ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜ ያልተሸጠ ለጋ ቅቤ ሃምሳ አምስት ቀን ተቀምጦ ለፋሲካ ለጋ ነኝ አይልም። ስለዚህ ጋሽ ገዳሙ በእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቅበላን ሊያስታውሱ አሰቡ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ እንክብል ቅቤ በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ታቅፈው ፎቶ ተነሡ። በዓላቱንና አጽዋማቱን የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «ከማንም እንዳትቀጂ» አሉኝ፤ «የራሳችን ይሁን፣ ከሌሎቹም ቀድሞ ይውጣ።»

መቅዳትማ ለእኔም ክብሬ አልነበረም። አባቴ ቄስ ገብረ ኪዳን አምበር ውስጥ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ የበዓላትና የአጽዋማት አቆጣጠሩን ዲያቆናቱ ሲቀጽሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። መጠየቅ አሳፈረኝ። ፋሲካ ሚያዝያ አራት መሆኑን ይዤ ሃምሳ አምስት ቀን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ከዚያ፣ የእኔን ዕውቀት እዩልኝና፣ የጾሙን የመጀመሪያ ሳምንት ሕርቃልን ጨመርኩበት። ለካ ሕርቃል ከሃምሳ አምስቱ ውስጥ የተቆጠረች ናት። የካቲት ዘጠኝ መግባት የነበረበትን ጾም የካቲት ሁለት አስገባሁት። አምስት መቶ ካላንደር ታተመ፣ ለእንቁጣጣሽ ታደለ፣ ግድግዳ ላይ ወጣ። መቁጠር ለሚያውቁት ካህናትና መሪጌቶች ግን አልሰጠንም፤ ምን ያደርግላቸዋል ብለን።

የካቲት ሁለት ሰኞ፣ የራሳችን ካላንደር ምን እንደሚል ልብ ያለ ሳይኖር፣ ሱቁ በቅቤ ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቅን። ገበሬዎቹ ቅበላ ነው ብለው ያላቸውን ሁሉ አምጥተዋል። ገዢ ግን የለም። ረፋዱ ላይ አንዲት ጎረቤታችን በደጃፉ ስታልፍ ጋሽ ገዳሙ «ምነው ጠፋሽ? ለጋ ቅቤ ገብቷል» አሏት።

ደንግጣ አማተበች። «በካላንደርዎ ጾም ብለው አውጀው እኔን ቅቤ ሊያበሉኝ ነው?»

እሑድ ዕለት በየቤተ ክርስቲያኑ ጾሙ የሚገባው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሆነ ተነግሮ ነበር። ሰዉ ግን የራሱን ሒሳብ ሠራ። ቅቤ ሻጭ ጾምን አሳልፎ ቢጽፍ ነው እንጂ አስቀድሞ ቢጽፍ ምን ይጠቅመዋል? ገዳሙ ገበያቸውን ዘግተው ይህን ከጻፉ እውነት ቢሆን ነው! የሚጠራጠረውም ሳምንት አብዝቶ የጾመ አይኮነንም እያለ ቅቤውን ተወ።

ማክሰኞ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ካላንደሩን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው መጡ። የከተማው ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው የአብነት መምህር ናቸው። ሱቁ በራፍ ላይ ሰው ተሰበሰበ።

«ገዳሙ፣ ሕርቃልን ሁለት ጊዜ የሚያስጾም ሊቅ ከየት አገኘህ? ማን ነው የቆጠረው?»

አካለ ወልድ ጫማውን አየ። እትዬ ወለተ ኪዳን የቅቤውን ባልዲ ከደኑ። እኔ የአባቴን ስም አሰብኩ። መሪጌታ አባቴን ያውቋቸዋል፤ አብረው ተምረዋል። የቄስ ገብረ ኪዳን ልጅ መሆኔን ደግሞ ገበያው ሁሉ ያውቃል። አንዲት ቃል ከወጣች ምሽቱን አምበር ትደርሳለች፤ ነገ ዲያቆናቱ ፊት የሚቆሙት አባቴ ናቸው።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ» አሉ ጋሽ ገዳሙ። «እኔ ነኝ የቆጠርኩት።»

መሪጌታም ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስተማሯቸው። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰው በደንበኞቻቸው ፊት እጃቸውን አጣምረው ቆመው ከሕርቃል እስከ ሕማማት በጣታቸው እንዲቆጥሩ ተደረገ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፣ ሁለት ጊዜ ተሳቀባቸው።

ሰዉ ሲበተን ተከትያቸው ወደ ጓዳ ገባሁ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ... ሄጄ ልንገራቸው።»

«አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ!» አሉኝ። የዚያን ጊዜ ብቻ ነው የተቆጡኝ። «የእኔ ስም ካናቴራ ላይም አለ፣ በበቅሎ አንገትም አለ። ቢሰደብ ሌላ ይታተማል። የአባትሽ ስም ግን አንድ ነው።»

ከዚያ የድምፅ ማጉያ ተከራይተው የአካለ ወልድ ባጃጅ ላይ ወጡ። ሦስት ቀን ከተማዋን ዞሩ። «ገዳሙ ነኝ! ተሳስቻለሁ! ጾሙ የሚገባው የካቲት ዘጠኝ ነው! ወገኖቼ፣ ብሉ!» ይሉ ነበር። ይኼ ደግሞ ባሰ። ያልጠቀማቸውን ውሸት አምኖ የነበረው ሕዝብ የሚጠቅማቸውን እውነት ሲናገሩ አላመነም። «ቅቤው ሊበላሽበት ነው መሰል» ተባለ። ዓርብ ማታ ሰሌዳው ላይ የነበረው ቁጥር ሠላሳ ስምንት ነው። ከስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት! ጋሽ ገዳሙ እኔ እንዳላይ ሰሌዳውን ወደ ግድግዳው አዞሩት።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ መሪጌታ ተመልሰው መጡ። ተናደዋል፣ አሁን ግን በሕዝቡ ላይ። «ከአራት ደብር ካህናት ቃል የገዳሙን ግድግዳ ታምናላችሁ?» እያሉ በሰዉ መሐል አልፈው ሱቅ ገቡና «አንድ ኪሎ ለጋ መዝኑልኝ» አሉ። የጋሽ ገዳሙ ፎቶ የታተመበት ከረጢት ስሰጣቸው ገፉት፤ «ያንተን ፊት ተሸክሜ አልሄድም፣ ገዳሙ።» ቅቤውን በኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ በመዳፋቸው ይዘው፣ ከፍ አድርገው፣ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ተሻገሩ። ማንንም አላነጋገሩም። ከኋላቸው ሱቃችን በር ላይ ሰልፍ ሆነ።

ቅዳሜንና እሑድን ክንዳችን እስኪዝል መዘንን። ስድስት መቶ አልሞላም፤ አራት መቶ አሥራ አንድ ላይ ጾሙ ገባ። የተረፈውን አንጥረን አስቀመጥነው። ጋሽ ገዳሙ ሰሌዳውን መልሰው አዞሩና ለሁላችንም አጨበጨቡልን። እኔ ማጨብጨብ አቃተኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አባቴ ወደ ማርቆስ ጉዳይ ነበራቸውና ሱቁ መጡ። ጋሽ ገዳሙ ከበሩ ወርደው መስቀል ተሳለሙ። አባቴ ወንበር ቀርቦላቸው ትንሽ ከተጫወቱ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ገዳሙ፣ አንድ ነገር ልውቀስዎት። የካላንደሩን ነገር አምበር ድረስ ሰማሁ። ልጄ እዚህ ቁጭ ብላ ሳለች እርስዎን ምን ያስቆጥርዎታል? ይቺ እኮ በልጅነቷ ከዲያቆናቱ ቀድማ ነበር የምትመልሰው! ምነው ጠይቀዋት ቢሆን?»

ጋሽ ገዳሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝቅ አሉ። «አጠፋሁ፣ አባ። ለከርሞ እሷን ነው የማስቆጥረው።»

አባቴ ፊታቸው በኩራት በርቶ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ለአንዲት እናት ቅቤ እየመዘንኩ ነበር። ዕንባዬ እንዳይታይ አቀርቅሬ መጨመር፣ መጨመር፣ መጨመር ብቻ።

«ልጄ» አሉኝ ሴትዮዋ እጄን ያዝ አድርገው፣ «ግማሽ ኪሎ እኮ ነው ያልኩሽ።»