ባሕር እስከ ጉልበት

እናንተ ሰፈር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ግን ለብቻው የወሰነ ሰው ወይ ጠግቧል፣ ወይ አብዷል። ስለዚህ ሦስት አራት ሆነን እንመክራለን። ስንመክርም ሊቀ መንበርና ጸሐፊ እንመርጣለን፤ ከዚያ «አንተ መቼ ይመችሃል?»፣ «ኧረ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ፣ ብቻ ለእሷ ይመቻት» እየተባባልን፣ አንዱ ለሌላው ሲሳሳ ነገሩ እንደተረሳ ሊጥ ይኮመጥጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ልክ ነው። ሃምሳው ሰው «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባል ሎሚው እንደሚደርቅ ግን የነገረን የለም።

ነገሬ ስለ ባሕር ነው። ቢቸና ቁጭ ብሎ የምን ባሕር ነው እንዳትሉኝ፤ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ጋሼ መኮንን የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል ሒሳብ ስለማስተምር ድምፃቸው በግድግዳው አልፎ ይመጣልኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ውቅያኖስ አስተምረዋል። ማዕበሉን፣ ሞገዱን፣ ጨዋማነቱን ሲናገሩ የባሕር ዳርቻ ተወላጅ ነው የሚመስሉት። በዓይናቸው ያዩት ትልቁ ውኃ ግን ጣና ነው፤ እሱንም ከአውቶቡስ መስኮት። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እርስዎ ግን አይተውት ያውቃሉ?» አለቻቸው። በኋላ «ጡረታ ሳልወጣ አይቼው እነግራችኋለሁ» ሲሉ ሰማሁ።

በዚያው ሰሞን ጋሼን ባሕር የሚያሳይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀ መንበር ጋሼ፣ ጸሐፊ እኔ። አባላት ሁለት ናቸው፤ የጤና ጣቢያችን ነርስ ትርንጎና የጋሼ የድሮ ተማሪ፣ ሞጣ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግደው ሰይድ። ሰይድ ለዕቃ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ቢቸና ላይ ይወርድና መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። የምንሄድበትን የመረጠው እሱ ነው፤ ዛንዚባርን። በስልኩ ያሳየን አሸዋ ነጭ ነው፤ ውኃው ደግሞ ምን አለፋችሁ፣ የሰይድን ምርጥ ሐር ያስንቃል።

የመጀመሪያው አጀንዳ የውኃ ዋና ነበር። ከአራታችን ዋና የሚችል አልተገኘም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ «ማንኛውም አባል ወደ ባሕሩ የሚገባው እስከ ጉልበቱ ብቻ ነው» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ትርንጎ አጭር ስለሆነች «የማን ጉልበት?» የሚል ጥያቄ ተነሣና ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ችግሩ ቀን መቁረጡ ላይ መጣ። ጥር ሲባል ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ትርንጎ ሦስት ቤት ሚዜ ናት። ሐምሌ ሲባል የፈተና እርማት አለ። ነሐሴ ፍልሰታ ገባ። «ሰይድ እየበላ እኛ ብንጾም ምን አለበት?» አልኩ። ሰይድ ተቆጣ። «እናንተ ጾማችሁን ውላችሁ እኔ ፊታችሁ ዓሣ ልበላ? ምን ዓይነት ሰው አደረግኸኝ!» እሱ የሚጾምበት ወቅት ሲመጣ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። ትርንጎ «እሱ ምራቁን እየዋጠ እኛ ማንጎ ልንመጥ? በፍጹም!» አለች። ጋሼም በየስብሰባው መጨረሻ «ግድ የለም ልጆቼ፣ ባሕሩ የትም አይሄድም» ይሉ ነበር። እኛም እውነት መስሎን በየጊዜው እናስተላልፈዋለን። እንዲህ እየተዛዘንን ሁለት ዓመት አለቀ።

ባለፈው ጥቅምት ተሰብስበን ሳለ ሰይድ አዲስ የባሕር ፎቶ አምጥቶ ስልኩን ለጋሼ ሰጣቸው። እሳቸው በሁለት እጃቸው ይዘው «አቤት! አቤት ሰማያዊነቱ! ሥራው ድንቅ ነው» እያሉ ያደንቃሉ። እኔ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ቀና ስል የትርንጎ ዓይን ስልኩ ላይ ነው። ስልኩ ጠፍቷል። ጋሼ የሚያደንቁት ጥቁር መስታወት ነበር።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በዳበሳ አስቀመጡት። «ሐኪሙ ከነገረኝ ዓመት አለፈው። የዓይን ግፊት ነው አለ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይም ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩንም?»

«በእኔ የተነሣ ጾማችሁን እንድትሽሩ? ሠርጋችሁን እንድትተዉ? ይሉኝታ ያዘኛ።»

ያን ቀን ራሴን ጠላሁት። ጋሼ የአፍሪካን ካርታ ሳያዩ ነው የሚስሉት እያልን ስንኮራባቸው የኖርን ሰዎች ነን። በዚያ ዓመት ግን ማዳጋስካር ሞዛምቢክ ላይ ወጥታ ስትቀመጥ አይቼ፣ «ጋሼ፣ ደሴቲቱ ተሰደደች እንዴ?» ብዬ ቀልጃለሁ። እሳቸውም ስቀው ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኛ ነው፤ የማንበላውን ዓሣ ስናከብር የሰውዬውን ዓይን ጣልነው።

ሰይድ ስልኩን አነሣና ቀን መቁጠሪያ ከፈተ፤ እየቆጠረ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ድንገት ጠረጴዛውን መታ።

«ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ናቸው! አራታችንም ጾመኞች ነን። ማን ማንን ያፍራል?»

ለሽርሽር ከዚህ የባሰ ጊዜ ይኖራል? አይኖርም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከዚያማ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ፤ ፓስፖርቱ፣ ፈቃዱ፣ የጋሼ አጭር ሱሪ። አጭር ሱሪውን አልለብስም ብለው ጉድ ሊያፈሉ ነበር። ወጪውን ዕቁባችን ይወቀው።

በየካቲት ወጣን። ዓባይ ድልድይ ላይ ሙቀቱ ሲቀበለን ሰይድ «ይሄ ውኃ ቀድሞን ይደርስ ይሆን?» አለ። ጋሼ ከመስኮቱ ወደ ድምፁ ዞረው «ተቀመጥ፣ ዜሮ! እሱ የሚሄደው ሜዲትራንያን ነው፤ እኛ ህንድ ውቅያኖስ» አሉት። ሰይድ ሁለት ልጆቹን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃ ሰው ነው፤ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ።

ዛንዚባር ላይ ቁርስም ምሳም አንፈልግም ስንል አስተናጋጁ ታመሙ ብሎ ደነገጠ። ለካ እሱም ጾመኛ ነው፤ ነገሩ ሲገባው ሊያቅፈን ምንም አልቀረው። ሰይድ መንገደኛ ስለሆነ እንዲበላ ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል፤ «እናንተ እያላችሁ?» ብሎ እምቢ አለ። እኛም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብላት ስንችል ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅነው። ይሉኝታችን ያን ያህል ቀጥቶንም አልተወን ልበላችሁ?

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼን በአንድ እጃቸው እኔ፣ በሌላው ትርንጎ ይዘን ወደ ውኃው ወረድን። ሞገዱ እግራቸውን ሲነካ ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን አስለቀቁን። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ።

«ኧረ ጋሼ! ቃለ ጉባኤው እስከ ጉልበት ነው የሚለው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ይሻሻል!» አሉ ሳይዞሩ።

ሱሪዬን እንኳ ሳልሰበስብ ተከተልኳቸው። ስደርስባቸው ውኃውን በእፍኛቸው ዘግነው ቀመሱት። ገና ጠዋት ነው፤ ጾሙ ተሻረ። ፊታቸውን አኮሳተሩና ሳቁ፤ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «ጨው ነው! ሠላሳ አራት ዓመት ሳልዋሽ ነው ያስተማርኩት!» አሉ። ትርንጎ ዳር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ሰይድ እሷን የሚያባብል መስሎ የራሱን ያብሳል።

ጋሼ ወደ ሰፊው ውኃ ዞሩ።

«ማዶው ይታይሃል?» አሉኝ።

ትኩር ብዬ አየሁ። «አይታየኝም፣ ጋሼ።»

«እኔም አይታየኝም» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «እንግዲያውስ እኩል ነን።»

ከውኃው ወጥተን ደብተሬን ከፈትኩና «ባሕሩ ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሦስታችን ፈረምን። ጋሼም ጣታቸውን ይዤ ባሳየኋቸው ቦታ ላይ ፈረሙ።